ራቅ ብሎ የቆመው መስመር

ግድግዳውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የተጻፈበት ስም የሌላ ሰው ነው። ጋምቤላ ውስጥ፣ በባህል አዳራሹ የፊት ግድግዳ ላይ፣ ገበያ የሚሄድ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት በኩል፣ በቀይ ቀለም ተጻፈ። ሰውዬው ራዲዮ ተሸለመበት። እኔን «ለጉልበት አስተዋጽኦህ እናመሰግናለን» ብለው አሰናበቱኝ። በደሉ ይኼው ነው፤ ሌላ የተሸፈነ ነገር የለውም።

ዓመቱ ሰባ ስምንት ነው፤ የደርግ ጊዜ። ሥራዬ ምርጊት ነበር። ሰው ቤት ሲሠራ ጭቃውን አቦካለሁ፣ እመርጋለሁ፣ ሲደርቅ እለስናለሁ። ባሮ ሲጎድል ደግሞ አሣ አጠምዳለሁ። በእኛ በአኙዋኮች ዘንድ ግድግዳ መለሰንና ማስጌጥ የሴት እጅ ሥራ ነው። እናቴ ግን የወለደችው ወንድ ብቻ ስለሆነ፣ ከወንድሞቼ መካከል ጭቃ የማይጠየፈው እኔ ሆንኩ። ጎረቤቶች ይኼን አገኙና ዕድሜዬን ሙሉ ቀለዱብኝ።

«ለዚህ ልጅሽ ቀሚስ ግዢለት እንጂ!» ይሏታል።

እናቴ የትንባሆ ጋያዋን ከአፏ አውጥታ፣ «ቀሚሱን እናንተ አምጡ። ግን መጀመሪያ ግድግዳችሁን አልብሱት፤ እንደ አዞ ጀርባ ተሰነጣጥቋል» ትላቸዋለች።

እናቴ ትንባሆ የምትወደውን ያህል ሰው አትወድም ነበር። እኔም በዚህ እሷን ሳልመስል አልቀረሁም።

የእናቴ የግድግዳ ጌጥ ከመንደሩ ሁሉ ይለያል። ሌሎቹ ሴቶች እርጥቡን ጭቃ በአራት ጣት ሲጎትቱት አራት መስመር ይወጣል፤ እንደ ውኃ እየተጣመመ ቤቱን ይዞራል። የሷ ሦስት ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ከዚያ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ አንድ ቀጭን መስመር ራቅ ብሎ ብቻውን ይሄዳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቀለበት ጣቷ የለም። በልጅነቷ አሣ ስታጸዳ የአምባዛ እሾህ ወጋት፣ መረቀዘ፣ ጣቱ ሄደ። እኔ ሙሉ እጅ ይዤ ነው የተወለድኩት፤ ቢሆንም ግድግዳዋን ስሠራ የቀለበት ጣቴን አጥፌ በአውራ ጣቴ እይዘዋለሁ። ልጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ ረስቼ በአራቱም ጎተትኩ። እናቴ ከባሮ ውኃ ቀድታ ስትመለስ አየችና እንስራዋን ሳታወርድ፣ «ይኼ የማን ቤት ነው? ተሳስቼ ነው የመጣሁት?» አለችኝ። ዳግመኛ አልረሳሁም።

ሠዓሊው ደገኛ ነበር። አዲስ አበባ ሥዕል ተምሮ፣ ለኪነት ቡድኑ መፈክርና ባነር እንዲጽፍ ወደ እኛ የተላከ። በዚያ ሙቀት ኮት ይለብሳል። አንድ ቀን በደጃችን ሲያልፍ ግድግዳችንን አይቶ ቆመ። ቆመ፣ ቆመ፣ አልሄደም።

«ይኼ ሰው ሚስት ፈልጎ ነው?» አለች እናቴ በቋንቋችን። «ከሆነ ንገረው፤ በዚህ ቤት ያለችው ሴት እኔ ብቻ ነኝ።»

እናቴ አማርኛ አታውቅም። የምትለውን የማስተረጉመው እኔ ነኝ፤ ሁሉን አላስተረጉምም።

«ይኼን ማን ሠራው?» አለኝ።

«እኔ።»

«አንተ? ሴቶች ናቸው የሚሠሩት ብለውኝ ነበር።»

«ልትሰድበኝ ከሆነ የመጣኸው፣ ጎረቤቶቼ ቀድመውሃል።»

ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ መካከል ክፍተት አለው፤ ደስ አይልም ማለት አልችልም። ቁጭ ብሎ ነገረኝ። ለየካቲት በዓል ከመቱ ከተማ እንግዶች ይመጣሉ። ካድሬው በአዳራሹ የፊት ግድግዳ ላይ ሠራተኛ፣ ገበሬና ወታደር እንዲሣሉ አዟል። ሠዓሊው እንዲህ ያለውን ሥዕል በየከተማው ሠርቶ ሰልችቶታል። አንድ ዓይነት ጡንቻ፣ አንድ ዓይነት አገጭ። «እኔ ፊታቸውን በብሩሽ፣ አንተ ልብሳቸውንና መሬታቸውን በጣትህ» አለኝ። «የዚህ አገር እጅና የትምህርት ቤት እጅ አንድ ግድግዳ ላይ ይዋሉ።» አነጋገሩ የካድሬ ቢመስልም ዓይኑ የካድሬ አልነበረም። እሺ አልኩት።

ያን ያህል ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ የለም። እየተጣላንም ቢሆን። መጀመሪያ ግድግዳውን በከሰል በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ከፋፈለው፤ ከወረቀት ላይ ወደ ግድግዳ የሚያሳድገው በዚያ ነው አሉ። እኔ ምን ላውቅ፣ ቆሻሻ መስሎኝ ጠዋት መጥቼ በላዩ ላይ መረግሁበት።

«ቀበርከኝ!» አለ ራሱን ይዞ። «የሁለት ቀን ሥራዬን ቀበርከው!»

«ግድግዳ ሲቆሽሽ ይመረጋል።»

«ቆሻሻ አይደለም፣ ልኬት ነው!»

«ልኬትህ ከሰል ነው። ከሰል ደግሞ ቆሻሻ ነው።»

ኪነቶቹ ልምምዳቸውን አቁመው ሲስቁብን ዋሉ። እንደገና ከፋፈለ፤ እኔም ሰው የሚቆምበትን ቦታ ትቼ ዙሪያውን ያዝኩ። ቀለሙ ከደጋ በመኪና ነበር የሚመጣው፤ መኪናው ጎሬ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ። ቀዩ ብቻ በቆርቆሮ ሙሉ አለ፤ መፈክር ስለሚጻፍበት ቀይ አይጠፋም። የቀረውን ከየትም አመጣነው። ነጩን ከኖራ፣ ጥቁሩን ከድስት ጥላሸት፣ ግራጫውን ከአመድ፣ ቡናማውን ከወንዙ ዳር አፈር። ሰማያዊ ጠፋ። የኪነቷ ዘፋኝ ነጭ ልብስ የምትነክርበትን ሰማያዊ ዱቄት ይዛ መጣችልን፤ ሰማዩን በሱ ቀባው። ለሳምንታት የከተማው ነጭ ሸሚዝ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ሰነበተ፤ ሰማዩ ግን ሰማይ ነበር።

ፊቶቹን እሱ ሠራ፤ በዚህ አልዋሽም። ጥሩ አድርጎ ሠራቸው። ገበሬዋን ሴት አደረጋት፤ አገጯ የእናቴን ይመስላል። ከአንገት በታች ያለው ግን የኔ ነው። ልብሳቸው፣ የቆሙበት መሬት፣ ከኋላቸው የሚሄደው ወንዝ፣ ሁሉ በጣቴ ከጭቃ የወጣ ነው። በወንዙ ላይ የእናቴ ሦስት መስመር ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው መስመሮቹ ጥላ ይይዛሉ፤ ወንዙ ይንቀሳቀሳል። ሠዓሊው ይኼን ባየ ቀን ኮቱን አወለቀ። ዳግመኛ ሲለብሰው አላየሁም።

በዓሉ ደረሰ። እንግዶቹ ዳሱ ስር ተቀመጡ። ካድሬው መነጽሩን አድርጎ፣ በትር ይዞ ግድግዳው ፊት ቆመ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ፈሪ ሲናገር ደግሞ ይጮኻል።

«እነዚህን ሦስት መስመሮች ተመልከቱ ጓዶች! ጎን ለጎን የሚሄዱት ሁለቱ ሠራተኛውና ገበሬው ናቸው። ራቅ ብሎ ብቻውን የቆመው ወታደሩ ነው! ለምን ራቀ? ዘብ ስለቆመ!»

ጭብጨባው አስተጋባ። እናቴ መሬት ላይ ከሴቶች ጋር ተቀምጣለች። «ምን አለ?» አለችኝ። ነገርኳት። እጇን አነሳች፣ አየችው፣ ገለበጠችው። ከዚያ ጋያው ከአፏ እስኪወድቅ ሳቀች።

«ጣቴን የወሰደው አምባዛ ነው፤ ወታደር እንዴት ገባበት?»

አጠገቧ ያሉት ሴቶች በሳቅ ተንፈራፈሩ። ካድሬው ሳቃቸውን አየና፣ «እናቶቻችንም ደስታቸውን እየገለጹ ነው!» አለ። እንደገና ተጨበጨበ። ሠዓሊው ተጠርቶ ራዲዮውን ተቀበለ። እኔም ተራዬ ይመጣል ብዬ እጄን ታጥቤ ቆምኩ። እጄ እስኪደርቅ አልተጠራሁም። በመጨረሻ አንዱ ሹም ትከሻዬን መታ አድርጎ ያቺን የጉልበት ምስጋና ነገረኝ።

ያኔ እንኳ ብዙም አልተቆጣሁም። ራዲዮው የፊቶቹ ነው፣ ወንዙን ሁሉ ሰው የኔ መሆኑን ያውቃል አልኩ። የተቆጣሁት ማንበብ ስችል ነው።

መሠረተ ትምህርት የጀመርኩት ከበዓሉ በፊት ነው፤ ቀበሌው አስገድዶኝ። ከሥራ በኋላ ማንጎ ዛፍ ስር ተሰብስበን፣ ሽበት ያለን ሰዎች፣ ልጅ የምታህል አስተማሪ «ሀ በሉ» ስትለን «ሀ» እንላለን። ጭቃ የለመደ እጅ እርሳስ ሲይዝ ይሰብራል። ስንቱን ሰበርኩ። ሆኖም ገባኝ። ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ወደ ገበያ ስሄድ፣ በግድግዳዬ ሥር ያለውን ቀይ ጽሑፍ ሳላስበው አፌ ያዘው። ጌጥ ይመስለኝ ነበር። «የሥዕሉ ሠሪ ጓድ…» ይልና የሱ ስም፣ የአባቱ ስም። ሁለቴ አነበብኩት። የኔ የለም። ያለ አስተማሪ በራሴ ያነበብኩት የመጀመሪያ ነገር ይኼ ነው። እንኳን ተማርኩ!

ሠዓሊው ቤት ሄድኩ። ሸሚዙን እያጠበ አገኘሁት።

«ስምህን ግድግዳዬ ላይ የጻፈው ማን ነው?»

ቀና አለ። «ማንበብ ቻልክ?» አለኝ፤ ደስ አለው ደግሞ።

«ቻልኩ። ማን ጻፈው?»

«ካድሬው ነው ያዘዘኝ። ያንተንም ልጻፍ ብዬው ነበር። ሥዕል የሚሠራው አንድ ሰው ነው፣ ሌላው ረዳት ነው፣ አንድ ስም ጻፍ አለኝ።»

«የጻፈው የማን እጅ ነው?»

እጁን ከውኃው አወጣ። አረፋው ከእጁ ላይ እየወረደ።

«የኔ» አለ።

«እንግዲያው አንተ ነህ።»

ራዲዮውን ከመስኮት አንስቶ ሊሰጠኝ ዘረጋ። «ራዲዮ ግድግዳ ይለስናል?» ብዬው ወጣሁ። የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ ስሜ እዚያ ግድግዳ ላይ እንዲጻፍ። አሁን ደግሞ በራሴ እጅ ልጽፈው እችላለሁ። ክረምቱን ሙሉ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «እንዴት ነህ?» ይለኛል፤ እኔ ባሮን እያየሁ አልፋለሁ።

በእኛ ዘንድ የግድግዳ ጌጥ የአንድ ዓመት ነው። ዝናብ ይወስደዋል፣ ደረቁ ሲመጣ ሴቶቹ እንደገና ይሠሩታል። ደገኞች ይኼን ሲያዩ ያዝኑልናል፤ እኛ ደግሞ አንድ ሥዕል ዕድሜ ልካቸውን ስለሚያዩ እናዝንላቸዋለን። የዚያ ዓመት ዝናብ ከነነፋሱ ፊት ለፊት መጣ። የአዳራሹ ግድግዳ ጭቃው ረጥቦ ተንሸራተተ፤ ሠራተኛው እስከ ወገቡ ወረደ፤ ቀዩ ስምም ከነጭቃው ተገምሶ ወደቀ። ደስ አለኝ። ምን እደብቃለሁ? እናቴን ዣንጥላ አስይዤ ወስጄ አሳየኋት።

ኅዳር ሲገባ ሌሎች እንግዶች ሊመጡ ሆነ። ካድሬው ሠዓሊውን «ያንኑ ድገመው» አለው። ሠዓሊው እኔን ለመጠየቅ አፈረ። ያለ እኔ ጭቃ አስቦክቶ፣ እንጨት እንደ ሹካ ጠርቦ፣ ሦስቱን መስመር በሱ ጎተተ። ሹካ ደግሞ ክፍተቱ እኩል ነው። ካድሬው መጥቶ አየ፤ ፊቱ ተለወጠ።

«ወታደሩ የት ሄደ?»

«ሦስተኛው መስመር ነው ጓድ።»

«እሱማ ከነሱ ጋር ተደባልቋል! ዘብ የቆመውስ? አምና በእንግዶቹ ፊት ዘብ ቆሟል ብያለሁ። ዘንድሮ ዘቡን ትቶ የት ሄደ ሲሉኝ ምን ልበል?»

ሰው በትንሽ ነገር የሚጠየቅበት ጊዜ ነበር። ሠዓሊው ፈራ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ራዲዮውን በብብቱ ይዞ እኛ ቤት መጣ፤ በመጀመሪያ ሰላም ያለው እናቴን ነው።

«እማማ፣ ይኼ ለእርስዎ ነው።»

እናቴ ተቀበለችው፤ ነቀነቀችው። ባትሪው ሞቷል። መሬት አስቀመጠችና ጋያዋን አስደገፈችበት።

«ያ መስመር ለምንድን ነው የሚርቀው?» አለኝ። «ስንት ቀን ሞከርኩ፤ አይወጣልኝም። እንዴት ነው የምትለካው?»

«መጀመሪያ ስሜ» አልኩት።

«እሺ፣ ስምህ። ግን ካድሬው እምቢ ቢለኝስ?»

«እንግዲያው ወታደርህን ፈልገው።»

እናቴ የምንጨቃጨቅበትን ጠየቀችኝ። ስነግራት፣ ያን ያህል ወራት ደብቄ የያዝኩትን ነገር በአንድ ጊዜ አበላሸችው፤ እጇን ዘርግታ አፍንጫው ሥር አመጣችለት። ሠዓሊው እጇን አየ። ጎዶሎውን አየ። ዞሮ የቤታችንን ግድግዳ አየ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ፤ ፊቴን ግን አዞርኩ።

«ወታደሩ አምባዛ ሆድ ውስጥ ነው!» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

እናቴ ፍርዷን ሰጠች። ይኼን አሳጥሬ አስተረጎምኩ። «የሰው እጅ የወሰደ በእግሩ ይከፍላል። ጭቃውን እሱ ይርገጥ። ሰው እያየ።»

ረገጠ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ በነዚያ እንደ ወተት በነጡ እግሮቹ፣ አዳራሹ ደጅ በገበያ ቀን። ሣሩን እኔ እየበተንኩ፣ ውኃውን ሴቶቹ እያፈሰሱ። ሴቶቹ እዚያው ዘፈን አወጡለት፤ ደገኛው እንደ ሽመላ ይረግጣል፣ አሣ ያለ መስሎታል የሚል። ትርጉሙን ጠየቀኝ፤ «በርታ እያሉህ ነው» አልኩት። በረታ። አንዴ ተንሸራቶ በቂጡ ሲቀመጥ ገበያው ቆመ። ስቆ ተነሳ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም እንግዳ ነው አላለውም። ቀሚስ ግዢለት ሲሉ የኖሩት ጎረቤቶቼ ሳይቀሩ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ። አየኋቸው። የሚረገጠውን ጭቃ ሳካፍል የበለጠ የጠነከረውን ለነሱ ሰጠሁ።

ግድግዳው ከአምናው በለጠ። በዚህኛው ፊቶቹን ለብቻው አልሠራም፤ ጭቃው እርጥብ ሳለ ጉንጫቸውን እኔ በአውራ ጣቴ አወጣሁለት፣ እሱ በላዩ ቀለሙን አሳረፈ። ፊት ከሩቅ ሥዕል፣ ከቅርብ ግድግዳ ሆነ። መጨረሻ ላይ ጣቴን አጥፌ ወንዙን ጎተትኩ፤ ሦስተኛው መስመር ወደ ቦታው ተመለሰ። ካድሬው መጣና ቆጠረ። ትንፋሹ ተመለሰ።

«አሁን ጥሩ ነው» አለ። «ወታደሩ ቆሟል።»

«ስም እጽፋለሁ» አልኩት።

«ስም አይጻፍም። የሕዝብ ሥራ ነው።»

«አምና ሕዝቡ የሱ ስም ነበረው?»

ሠዓሊው፣ «እውነቱን ነው ጓድ፤ ወንዙ የሱ ነው፣ ከአንገት በታች ያለው ሁሉ የሱ ነው። አምና መጻፍ አልነበረብኝም» አለ።

«አንተ ዝም በል» አለው ካድሬው። ወደኔ ዞረ። «ያንተ መሆኑን በምን ታውቃለህ? ጭቃ ጭቃ ነው።»

እናቴ ተነሳች። ምን እንደተባለ አልጠየቀችም። በሰው መሐል አልፋ ግድግዳው ጋ ደረሰች፤ እጇን ዘርግታ በወንዙ መስመሮች ላይ አሳረፈችው። ሌባ ጣቷ በመጀመሪያው ገባ፣ መሐል ጣቷ በሁለተኛው፣ ትንሿ ጣቷ በሩቁ። ባዶው ቦታ ባዶ ነበር።

ካድሬው እጇን አየ። መስመሩን አየ። እንደገና እጇን አየ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ስለ አምናው ንግግሩ የትኛው እንግዳ ለአለቆቹ ምን እንደጻፈ እያሰበ ነበር መሰለኝ። ከንፈሩ ሊስቅ ሲል ያዘው። ጠጋ ብሎ በቀስታ፣ ሦስታችን ብቻ እንድንሰማው፣

«ጻፉ» አለን። «የፈለጋችሁትን ስም ጻፉ። ስለ ወታደሩ ግን አንዲት ቃል ከአፋችሁ እንዳትወጣ።»

ለእናቴ አስተረጎምኩላት። እጇን ከግድግዳው አነሳች፣ ጭቃውን በቀሚሷ ጠረገች።

«ወታደር ይሁንላቸው» አለች። «ድሮም ጣቱ አልጠቀመኝም።»

ሠዓሊው ቀዩን ቀለም ከፍቶ ብሩሹን ሊሰጠኝ ዘረጋ። እምቢ አልኩ። ሚስማር አነሳሁ፤ ጭቃው ገና እርጥብ ነበር፣ እኔ ደግሞ የማውቀው ጭቃ ነው። መጀመሪያ የእናቴን ስም ጻፍኩ። ከሥሩ የኔን፤ ፊደሎቹ ሽቅብና ቁልቁል ሄዱ፣ ሰዎች ሳቁ፣ ግድ አልሰጠኝም። ሠዓሊው ብሩሹን ወደ ቆርቆሮው መልሶ ወደ ኋላ ሄደና ቆመ። የሱንም ጨመርኩ፤ ፊቶቹን ሠርቷል፣ ጭቃም ረግጧል። ትንሽ አሳነስኩት እንጂ። ስሞቹን እዚህ አልደግማቸውም፤ ቦታቸው ያ ግድግዳ ነበር፣ በሚቀጥለው ዝናብም ሄዱ። አስተማሪያችን ጽሑፍ ሲያልቅ ቀን ይጻፍበታል ትለን ስለነበር፣ ከሦስቱ ስም ሥር እንዲህ ብዬ ጨረስኩ፦

ኅዳር 21 ቀን 1979 ዓ.ም.